ሐሰተኛው ሥር

ዳይሬክተሩ አቶ አብዱናስር የመምህራን ክፍሉን በር ገፋ አድርገው ሲገቡ ፌኔት የአሥራ አንደኛ ክፍል የፊዚክስ ፈተና እያረመች ነበር።

«መምህርት ፌኔት፣ የምሥራች ይዤልሽ መጣሁ» አሉ። «ያ የጭሮ ልጅ፣ ዶክተር ህሩይ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ይመጣል። በከተማው አዳራሽ ስለ ምርምሩ ንግግር ያደርጋል። ንግግሩ በአማርኛ ነው፤ ከገለምሶም ከቦኬም ብዙ ሰው ስለሚመጣ ወደ ኦሮምኛ የሚተረጉም ያስፈልገናል። ፊዚክሱንም ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ካንቺ ሌላ ማን አለ? ወላሂ፣ ስምሽን የሰጠሁት ሳልጠይቅሽ ነው።»

ፌኔት ቀዩን እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ እንደደገነች ቀረች።

«ስለ ምንድን ነው የሚናገረው?»

«ስለ አንድ በጣም ስለቀዘቀዘ ጋዝ ነው አሉኝ። ስሙ የተነሳበት ሥራ እሱ ነው መሰለኝ።»

«እተረጉማለሁ» አለች።

አቶ አብዱናስር አመስግነዋት ወጡ። ፌኔት የቀሩትን ወረቀቶች ሳታርም ቦርሳዋን አንስታ ወደ ቤቷ ሄደች። ሰባት ዓመት የጠበቀችው ሰው በራሱ እግር ሊመጣላት ነው።

ነገሩ የጀመረው ፌኔት ከጭሮ ርቃ ማስተርሷን በምትማርበት ጊዜ ነው። ህሩይ አማካሪዋ ነበር። የአገሯ ልጅ መሆኑ ልቧን አሳርፎት ነበርና ያላትን ሁሉ ታሳየው ነበር። የምትሠራበት ርእስ ሰዎች ቤተ ሙከራ ውስጥ በሌዘር እያቀዘቀዙ፣ ከፍጹም ዜሮ የዲግሪ ሚሊዮንኛ ክፋይ ያህል ብቻ ከፍ ወደሚል ቅዝቃዜ ስለሚያወርዱት ጋዝ ነው። ፌርሚ ጋዝ ይባላል። ከምንተነፍሰው አየር እጅግ የሳሳ ነው፤ ግን ማግኔቱን በልክ ሲያስተካክሉት አተሞቹ እርስ በርስ የሚነካኩበት ኃይል ተፈጥሮ የምትፈቅደው ጫፍ ላይ ይደርሳል። ያኔ አንዱ አተም የሚያደርገውን ለብቻው ማስላት አይቻልም፤ ሁሉም ሁሉን ይጎትታል።

ፌኔት መንገድ ያየችው ሦስት ሦስቱን ለይቶ በማስላት ነው። ቀላል ሊቲየምና ከባድ ፖታሲየም ሲደባለቁ ሦስት አተሞች አንድ ወጥመድ ውስጥ ምን ምን ዓይነት ጉልበት ሊኖራቸው እንደሚችል አንድ በአንድ ካወቁ፣ ከዚያ ተነስተው የጋዙን ግፊት መተንበይ ይችላሉ። አሥራ አራት ወር ሠራች። መብራት ሲጠፋ በእጅ፣ ሲመጣ በኮምፒውተር። ሒሳቡን የጻፈችበት ሰማያዊ ሽፋን ያለው ወፍራም ደብተር ሊሞላ ጥቂት ገጽ ሲቀረው አባቷ አቶ ቶሌሳ ጭሮ ላይ በጠና ታመሙ።

«ሂጂ፣ አባትሽን አስታሚ» አላት ህሩይ። «ደብተሩን እኔ ጋ ተዪው፣ እያየሁት እቆያለሁ።»

አባቷን ቀብራ ስትመለስ ህሩይ ደብተሩን ሳይሰጣት ራሱን ነቀነቀ። «ፌኔት፣ ይሄ ነገር አልበሰለም። በዚህ ብትቀርቢ ይጥሉሻል። ቀለል ያለ ርእስ እንፈልግልሽ።» በሐዘኗ ላይ ስለነበረች አመነችው። ስለ ብርሃን መበተን የሚያወራ፣ ማንም የማያስታውሰው ጽሑፍ አቅርባ በዝቅተኛ ውጤት ተመረቀች። ደብተሩን ስትጠይቀው «ቢሮ ስቀይር ጠፋብኝ» አላት።

ጭሮ ተመልሳ ማስተማር በጀመረች በሰባተኛው ወር አንድ ከሰዓት በኋላ ስልኳ ላይ አንድ የውጭ መጽሔት ስታገላብጥ የህሩይን ስም አየች። ብቻውን ነበር። ከስሙ ሥር ያለው ሒሳብ የእሷ ነው። ሠንጠረዡ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች እስከ አምስተኛው አኀዝ የእሷ ናቸው። እሷ ካልሆነች ማንም የማይመርጠውን የማዕዘን ምልክት እንኳ አልቀየረውም። መጨረሻው ላይ ለኮምፒውተር ክፍሉ ምስጋና አቅርቧል፤ ለእሷ ምንም።

ለትምህርት ክፍሉ ጻፈች። ከሁለት ወር በኋላ ባለ ሦስት መስመር መልስ መጣላት፦ ማስረጃ አላቀረብሽም። ማስረጃዋ ያለው እሱ እጅ ላይ ነው።

ቢያንስ ለራሴ ላረጋግጥ ብላ ሒሳቡን ከመጀመሪያው እንደገና ሠራችው። እናቷ ወይዘሮ ከበደች ሳሎኑ ውስጥ በስፌት መኪናቸው የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፉ፣ እሷ ጠረጴዛው ላይ እየጻፈች ሳምንታት አለፉ። አንድ ቅዳሜ ፌኔት በድንገት ሳቀች። አባቷ ከሞቱ ወዲህ በዚያ ቤት የተሰማ የመጀመሪያ ሳቅ ነበርና እናቷ መኪናውን አቆሙት።

«ምን ሆንሽ ልጄ?»

«እማዬ፣ የሰረቀኝ የተበላሸውን ነው!»

እናቷ እንዲገባቸው አድርጋ ነገረቻቸው። ቀመሩ ሲፈታ ብዙ ሥሮች ይሰጣል፤ እያንዳንዱ ሥር ሦስቱ አተሞች ሊኖሩበት የሚችሉበት አንድ ሁኔታ ነው። ከእነሱ መሀል አንዱ ግን ሐሰተኛ ነው። ቀመሩን ያሟላል፣ ከሌሎቹ ጋር ተሰልፎ ይቆማል፤ ወደ ኋላ ተመልሰው አተሞቹ የት እንዳሉ ሲያሰሉለት ግን መልሱ በሁሉም ቦታ ዜሮ ነው። አተሞቹ የትም የሉም። ይሄ ሥር ከድምሩ መውጣት ነበረበት። ፌኔት ደብተሩ ላይ ስትደምር አባቷ በታመሙበት ሰሞን ነበርና ሳታወጣው አልፋዋለች። ህሩይ ደግሞ ሳይፈትሽ ገልብጦታል። ስለዚህ ዓለም ያነበበው የመጨረሻ ቁጥር ስህተት ነው።

«እንግዲያውስ ጻፊላቸውና ይታረም» አሉ እናቷ።

«አሁን ብጽፍ ግማሽ ገጽ ማረሚያ አውጥቶ፣ ለጠቆመችኝ ለቀድሞ ተማሪዬ ምስጋና ይድረሳት ብሎ ያልፈዋል። አልጽፍም። መጀመሪያ ከፍ ይበል። በዚህ ሥራ ይሾም፣ በዚህ ሥራ ይጨብጨብለት። ከዚያ በኋላ።»

ወይዘሮ ከበደች እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያናቸው ለሰው የሚጸልዩ ሴት ናቸው። ያን ዕለት ግን ልጃቸውን አይተው ወደ ስፌታቸው ተመለሱ።

ህሩይ ከፍ አለ። ተባባሪ ፕሮፌሰር ሆነ፤ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆነ፤ በሬድዮ ቀረበ። ፌኔት እያንዳንዱን ዜና ቀኑን ጽፋ ታስቀምጠው ነበር። ክፍል ውስጥ ስለ ኒውተን ሕግ እያስተማረች በልቧ የምትጠይቀውን ጥያቄ ታስተካክላለች። ቃላቱን አሳጠረቻቸው፣ ስል አደረገቻቸው፣ በቃሏ ያዘቻቸው።

አንድ ጊዜ ብቻ ልቧ ተረብሾ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ነው። በውጭ አገር ያለ አንድ ቤተ ሙከራ ሊቲየምና ፖታሲየሙን በእርግጥ አደባልቆ ግፊቱን ለካ። ውጤቱ ከህሩይ ቁጥር ጋር አልገጠመም። በእንዲህ ዓይነት ጋዝ ከሁሉ የሚከብደው ሙቀቱን በትክክል ማወቅ ነውና ተመራማሪዎቹ ራሳቸውን ጠረጠሩ፤ «የሙቀት መለኪያ ዘዴያችን ሳይሳሳት አልቀረም» ብለው ጻፉ። ፌኔት ቁጥራቸውን ከእሷ ከታረመው ቁጥር ጋር አስተያየችው። ልክክ ብሎ ገጠመ። አተሞቹ እውነቱን ተናግረዋል፤ ሰዎቹ ግን አላመኗቸውም።

ለእናቷ ነገረቻቸው።

«እነዚያ ሰዎች ምን አደረጉሽ?» አሉ ወይዘሮ ከበደች።

ፌኔት ስልኳን ዘግታ ወደ ሥራዋ ሄደች፤ ለሰዎቹም አልጻፈችም።

የንግግሩ ዕለት ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ፌኔት ከቤት ከመውጣቷ በፊት ኮምፒውተሯን ከፍታ፣ ለዓመታት አዘጋጅታ ያስቀመጠችውን የማረሚያ ጽሑፍ ወደ መጽሔቱ ላከችው። ዛሬ አዳራሹ ውስጥ ምንም ቢፈጠር፣ ፈርታ ድምፅዋ ቢጠፋ እንኳ፣ ጽሑፉ ከእጇ እንዲወጣ ፈልጋ ነው። ከዚያ እናቷ የሰፉላትን ግራጫ ቀሚስ ለብሳ ወጣች።

አዳራሹ ሞልቷል። መምህራን፣ ተማሪዎች፣ የጫት ነጋዴዎች፣ ከየወረዳው የመጡ ሽማግሌዎች። ህሩይ ከፊት ቆሞ ሰው ሲጨብጥ ፌኔትን አያት። ፈገግታው ለአንድ አፍታ ጠፍቶ ተመለሰ።

«ፌኔት! አስተርጓሚዋ አንቺ ነሽ እንዴ? ጎሽ፣ ጎሽ።» ቀረብ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያለፈው አለፈ፣ አይደል?»

«እኔ ዛሬ የሚሉትን ብቻ ነው የምተረጉመው፣ ዶክተር።»

አጠገቡ የቆሙትን መነጽር ያደረጉ ሴት አስተዋወቃት። ዶክተር አይናዲስ ይባላሉ፤ ራሳቸው የፊዚክስ ሰው ናቸው። የህሩይን ሙሉ ፕሮፌሰርነት የሚመረምረው ኮሚቴ ሰብሳቢ ሲሆኑ፣ ለሕዝብ የሚሰጠውን አገልግሎት ለማየት አብረውት መጥተዋል። ፌኔት እጃቸውን ስትጨብጥ ልቧ በደስታ ዘለለ። ይህን ያህል አልጠበቀችም ነበር።

ህሩይ መናገር ጀመረ። ተናጋሪ ነው፤ ይሄን ማንም አይክደውም። እሱ አንድ ሐሳብ ሲጨርስ ፌኔት ትቀበላለች። ፌርሚዮን የሚባሉት አተሞች አንድ ቦታ መጋራት እንደማይወዱ ሲናገር፣ እሷ በኦሮምኛ የገለምሶን ሚኒባስ አመጣችላቸው፦ «በአንድ ወንበር ከአንድ ሰው በላይ የማይጭን ሚኒባስ አስቡ። ረዳቱ ቢለምን፣ ቢጮህ፣ አይሆንም።» አዳራሹ ሳቀ። ህሩይ የሳቁበትን ባያውቅም አብሮ ሳቀ። አርባ ደቂቃ ያህል ታማኝ ሆና ተረጎመች። አንድ ቃል አልጨመረችም፣ አንድ ቃል አልቀነሰችም። «ይህን ዘዴ ያገኘሁት» ሲል «ይህን ዘዴ ያገኘሁት» አለች፤ ምላሷ ላይ መረረ፣ ግን አለችው።

በመጨረሻ ግድግዳው ላይ ሠንጠረዡ ተዘረጋ። የእሷ ሠንጠረዥ።

«ይህ ቁጥር» አለ ህሩይ ከታች ያለውን ድምር በጣቱ እያሳየ፣ «የጭሮ ልጅ ለዓለም ያበረከተው ነው።»

ፌኔት ማይክሮፎኑን ያዘች፤ አልተረጎመችም። ሰው ጠበቀ። ህሩይ ዞር ብሎ አያት።

«ይህን መተርጎም አልችልም» አለች በአማርኛ። «ቁጥሩ ስህተት ነው።»

ከፊት የተቀመጡት አቶ አብዱናስር ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ህሩይ ለመሳቅ ሞከረ። «የቀድሞ ተማሪዬ ናት» አለ ለሕዝቡ። «ጥያቄ ካለሽ በኋላ...»

«ጥያቄዬ አጭር ነው። ከላይ አራተኛው መስመር ላይ ያለውን ሥር ይመልከቱ። ለእሱ ብቻ የአተሞቹን ማዕበል ፋንክሽን፣ ማለትም አተሞቹ የት እንዳሉ የሚናገረውን ቀመር፣ አጠገብዎ ባለው ሰሌዳ ላይ ይጻፉልን። ሁለት መስመር ነው።»

ህሩይ ሠንጠረዡን አየ። ሰሌዳውን አየ። «እንዲህ ያለ ዝርዝር ለዚህ መድረክ አይሆንም» አለ።

«ለእኔ ይሆናል» አሉ ዶክተር አይናዲስ ከተቀመጡበት። መነጽራቸውን አስተካክለው ሠንጠረዡን እያዩ ነበር። «እባክዎ ይጻፉት፣ ዶክተር።»

ጠመኔውን አነሳ። አንድ ምልክት ጻፈና አጠፋው። ሌላ ጻፈ። እጁ ቆመ። ከኋላ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ፊዚክሱ ባይገባቸውም የተጠየቀ ሰው መልስ ሲያጣ ማየት ያውቁበታል። ፌኔት ጠመኔውን ከእጁ ተቀበለችው። ቀስ ብላ፣ ሁሉም እንዲያይ በትልቁ ጻፈች። መጨረሻው ላይ ክብ ዜሮ አስቀመጠች።

«ዜሮ» አለች። ከዚያም በኦሮምኛ፦ «ዘንቢልም ሰውም የሌለበትን ባዶ ወንበር ተሳፋሪ ብሎ ቆጥሮታል።» ሰው አጉረመረመ። ወደ ህሩይ ዞረች። «ስህተቱ የእርስዎ አይደለም፣ ዶክተር። ስህተቱ የእኔ ነው። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አባቴ በታመመበት ወር፣ ሰማያዊ ሽፋን ባለው ደብተር ላይ። እርስዎ የሠሩት መገልበጥ ብቻ ነው። የገለበጡትን ቢያውቁት ኖሮ ስህተቱን ያዩት ነበር።»

ህሩይ ዶክተር አይናዲስን ተመለከተ። ሴትዮዋ ሰሌዳውን በስልካቸው ፎቶ እያነሱ ነበር።

አዳራሹ በግርግር ሲበተን ህሩይ ግቢው ውስጥ፣ መኪናው አጠገብ አገኛት። ፊቱ አመድ መስሏል።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ጽሑፍዎ በወጣ በአምስተኛው ወር።»

«ሰባት ዓመት አውቀሽ ዝም አልሽ? ብትነግሪኝ አርሜው ስምሽን እጨምር ነበር!»

«ለዚህ ነው ያልነገርኩዎት።»

«ልታጠፊኝ ነው እንዴ የፈለግሽው?»

«አዎ» አለች። «እሱን ነው የፈለግሁት።» እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እርስዎ ማለቷን አላቋረጠችም፤ እሱንም ከስድብ በላይ ያመመው ይሄ ሳይሆን አይቀርም። መኪናው ወጥቶ የሚኤሶን መንገድ ሲይዝ እስኪሰወር ቆማ አየችው።

የሆነው ሁሉ እሷ እንደተመኘችው ሆነ። መጽሔቱ ጽሑፏን መርምሮ አወጣ፤ ፌኔት ቶሌሳ፣ ጭሮ፣ ይላል። የህሩይ ጽሑፍ ከመጽሔቱ ተሰረዘ። ዶክተር አይናዲስ የሚመሩት ኮሚቴ ሹመቱን ውድቅ አደረገ፤ ኃላፊነቱንም አጣ። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው በስልክ የቀረጸው ቪዲዮ ከጭሮ አልፎ ዞረ። ፌኔት ቪዲዮውን ደጋግማ አየችው፤ በተለይ እጁ ሰሌዳው ላይ የቆመባትን ቦታ። በቀል ከተፈጸመ በኋላ ልብ ባዶ ይሆናል ሲሉ ሰምታ ነበር። የእሷ አልሆነም። ደስ አላት። ሌሊቱን ሙሉ ተኛች፣ ምግብ ጣማት፣ ከተማሪዎቿ ጋር ቀለደች።

ከዚያ አንድ ደብዳቤ በኢሜይል መጣ። የጻፈችው በዚያ የውጭ ቤተ ሙከራ ጋዙን የለካችው ሴት ናት። ማረሚያውን አንብባዋለች። «ቁጥራችን ከቲዎሪው ስላልገጠመ ሁለት ዓመት የሙቀት መለኪያውን ስፈታና ስገጥም ኖርኩ» ትላለች። «ስህተቱን ሳላገኘው ስቀር አልችልበትም ብዬ ምርምሩን ተውኩት፤ አሁን ሌላ ሥራ ላይ ነኝ። ልክ እንደነበርኩ ስላሳወቅሽኝ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ሐሰተኛውን ሥር ያገኘሽው መቼ ነው?»

ፌኔት ደብዳቤውን ለእናቷ በአማርኛ አነበበችላቸው። ወይዘሮ ከበደች እጃቸው ላይ የነበረውን ጨርቅ አስቀመጡ።

«ምን ልትያት ነው?»

«በቅርቡ ነው ብላት ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ» አሉ እናቷ።

ፌኔት ሦስት ቀን አሰበችበት። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ጻፈች። ሁሉንም ጻፈች፦ የደብተሩን፣ የአባቷን፣ የህሩይን። ከዚያም እንዲህ አለች፦ «ያወቅሁት ከሰባት ዓመት በፊት ነው። የእናንተን ልኬት ያየሁ ዕለትም ልክ መሆናችሁን አውቄ ነበር። ያልጻፍኩላችሁ እሱ ገና በበቂ ከፍ ስላላለልኝ ነው። በእሱ ላይ ያደረግሁት አይጸጽተኝም፤ ነገም ባገኘው አደርገዋለሁ። አንቺን ግን አላሰብኩሽም። ይቅርታ።»

ላከችው። ዶክተር አይናዲስ በመስከረም የዶክትሬት ትምህርት እንድትጀምር ጠርተዋት ነበርና ክረምቱን ስትዘጋጅ ቆየች። ጠዋት ጠዋት ኢሜይሏን ትከፍታለች። ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴ አለፈ። ከሴትዮዋ መልስ አልመጣም፤ ፌኔትም አልፈረደችባትም።